ያልከበደው ጠቦት

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት ሁዳዴ ገባ። ከተማው መጾም ሲጀምር የኔ በጎች መብላት ጀመሩ።

አራት ጠቦቶች ናቸው፦ ቀዩ፣ ነጩ፣ ጥቁሩና ዳልቻው። ከብልባላ ገበያ ገዝቼ እየነዳሁ ስመጣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምሥጋናው፣ እነዚህን ቱሪስቶች ደግሞ ከየት አገኘሃቸው?» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን መዘጋት ከጀመረ ወዲህ ግን እንግዳ የለም፤ መታወቂያዬም ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ጠቦት ቢያንስ በመጨረሻው ሰዓት ደውሎ «ቀርቻለሁ» አይልም።

ሐሳቤ ቀላል ነው። እስከ ፋሲካ አደልባቸውና እሸጣቸዋለሁ። ሚስቴ ሰብሌ አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ በሰኔ ትወልዳለች። ዓምና በአራተኛው ወር የወረደብን ልጅ ከልቤ አልወጣም። ያን ቀን መኪና ለምኜ ያጣሁት ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ዘንድሮ ወልድያ ድረስ መውሰድ ቢያስፈልግ የምወስድበት በእጄ ይኖራል። ይህ ልጅ እንዲወለድ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር።

የግብርና ባለሙያው ዘመኑ በበግ ማድለብ ሥልጠና ላይ እንደነገረን አደርጋለሁ። ቀዩና ነጩ ድብልቅ ይበላሉ፦ ሦስት እጅ ፉርሽካ፣ ሁለት እጅ የባቄላና የአተር ገለፈት፣ አንድ እጅ ፋጉሎ፣ ከትንሽ ጨው ጋር። ጥቁሩና ዳልቻው እንደ አባቶቻቸው ድርቆሽና አተላ። የቱ እንደሚያዋጣ ፋሲካ ያሳየናል። ውዱ ፋጉሎው ነው፤ ኑጉ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው። «ከዚህ በላይ ፋጉሎ ብትጨምር ጠቦቱ አይጨምርም፤ ወጪህ ነው የሚጨምረው» ብሏል ዘመኑ።

ሚዛንም አለኝ። እንግዶቼ ያርፉበት የነበረው ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ የገዛሁት፣ ሰው የሚቆምበት ባለ መርፌ ሚዛን። ጠቦት ብቻውን አይቆምበትም። እኔ ታቅፌው ብወጣ ደግሞ ሆዱ መርፌውን ይጋርድብኛል። ስለዚህ ሰብሌ ታቅፋ ትወጣለች፣ እኔ ተንበርክኬ አነባለሁ። መጀመሪያ ብቻዋን ወጣች፦ ሃምሳ አምስት። ቀጥሎ ቀዩን ታቅፋ፦ ስድሳ ዘጠኝ። ቀዩ አሥራ አራት ኪሎ ነው ማለት ነው። ሃምሳ አምስቷን እንዳልረሳት በጉረኖው በር ላይ በከሰል ጻፍኳት።

«እንግዲህ የሚዛን ድንጋይ አደረግኸኝ» ብላ ሳቀች ሰብሌ።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። ፋጉሎ የሚያመጣልን አባስ ነው፤ ከወልድያ በኩል የሚመላለስ ነጋዴ፣ ከአስጎብኚነቴ ዘመን ጀምሮ የማውቀው። ዋጋው አስደነገጠኝ። «መንገዱን ጠይቀው እንጂ እኔን አትጠይቀኝ» አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የሰብሌ ዶሮዎች በደንብ ይጥላሉ። በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ ክርስቲያን የለም፤ ቤት ውስጥ ተከማችቶ ይበላሻል። ለአባስ ደግሞ ረመዷን ዛሬ ገባ፤ ማታ ማታ ቤተሰቡ የሚያፈጥርበት ይፈልጋል። በየቅዳሜው እንቁላል ልሰጠው፣ እሱም ፋጉሎ ሊሰጠኝ ተስማማን። እጅ መትተን ተለያየን። እውነቴን ነው፣ ራሴን ጎበዝ ነህ አልኩት።

ዶሮዎቹ የሰብሌ ናቸውና ጠየቅኳት። «እኔ እንደሆንኩ እስከ ፋሲካ አልነካውም» አለች። ለቅዱስ ላሊበላ ተስላለች፤ ይህን ልጅ ካቆየላት ሁዳዴን አንድ ቀን ሳታጎድል ልትጾም። በቀን አንዴ ነው የምትበላው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። እምነቷ ያኮራኛል።


የካቲት 27፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ፉርሽካ ለማምጣት ወፍጮ ቤት መድረስ አለብኝ።

ሰብሌ አንድ ጆንያ ገለፈት ይዛ መጣች! በጾም የማይከካበት ቤት የለም፤ ሁሉም ሽሮ፣ ሁሉም ክክ። ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ትከካላቸዋለች፣ በምትኩ ገለፈቱን ትወስዳለች። ይህቺን ዘዴ ማንም አላሰባትም። ከተማው በጾመ ቁጥር ጠቦቶቼ ይበላሉ። ጆንያውን ከጀርባዋ ሳወርድላት ወደ ምድጃው ተጠጋች። ብርዱ ነው አለች።


መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መዘንን። ሰብሌ ቀዩን ታቅፋ ወጣች፦ ስድሳ ዘጠኝ ተኩል። ሃምሳ አምስት ሲቀነስ፣ አሥራ አራት ተኩል።

በሁለት ሳምንት ግማሽ ኪሎ! ይህ ሁሉ ፉርሽካ፣ ይህ ሁሉ ፋጉሎ ለግማሽ ኪሎ? ነጩም ያው ነው። ጥቁሩና ዳልቻውማ ጭራሽ ወደ ኋላ። በዓይን ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ጀርባቸውን ስዳብስ ሥጋ የያዙ ይመስለኛል። ግን ዓይን ያታልላል፣ ሚዛን አያታልልም። እንግዶቼንም እንዲህ ነበር የምላቸው፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያኑ በዓይን ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሲለኩት ነው የሚገርመው።

ሰብሌ ከሚዛኑ ስትወርድ ግድግዳውን ያዝ አደረገች። «ምነው?» አልኳት። «ቀዩ ረገጠኝ» አለች።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

የቀዩን ፋጉሎ አንድ እጁን ሁለት ላደርግ ነው። ለነጩ አልጨምርም፤ ለሁለቱም አይበቃም። ዘመኑ ያለውን አልረሳሁትም፣ ግን ዘመኑ የኔን ሚዛን አላየም። ስለዚህ ቤት የነበረውን እንቁላል በሙሉ ይዤ ሄድኩ፣ ሰብሌ ለራሳችን ፋሲካ ብላ ያስቀመጠችውንም ጭምር።

አባስ ጾም ላይ ስለሆነ ከንፈሩ ደርቋል፤ ፊቱ ግን ፈክቷል። «ምሥጋናው፣ የናንተ እንቁላል ጀውሀራን አሳመራት ወላሂ! ፊቷ ሙልት አለ።» ጀውሀራ ሚስቱ ናት፤ እሷም እርጉዝ ናት፣ ከሰብሌ በአንድ ወር ትቀድማለች።

«ጾሙ አልከበዳትም?» አልኩት።

«ኧረ እሷ ዘንድሮ አልያዘችም። ያረገዘች ሴት ተፈቅዶላታል እኮ፤ በኋላ ያለፋትን ቀን ጾማ ቀዷዋን ታወጣለች። እኔም ብትል ብትል አላስጾማትም ነበር።»

ፋጉሎውን ተሸክሜ መጣሁ። ጥሩ ፋጉሎ ይመስላል።


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አተላ ልወስድ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድኩ። ጠላ ጠማቂ ጎረቤታችን ናቸው፣ ሰብሌን ከሕፃንነቷ ያውቋታል። ባልዲዬን ሳይሞሉልኝ ቆሙ።

«አንተ፣ ይቺን ልጅ ሆዷ እንዲህ ሆኖ ጠቦት ታሸክማታለህ አሉ?»

«ለአንድ አፍታ ናት እትዬ፤ ቁጥሩን እስካነብ ድረስ።»

«ቁጥሩን!» አሉና ባልዲውን ሞሉልኝ። ስወጣ ደግሞ ለራሳቸው ይሁን ለኔ ሳይለይ «አንገቷ እኮ የሰው አንገት አይመስልም» ሲሉ ሰማሁ።

ትንሽ ተናደድኩ። ሴቶች እርጉዝ ሴት ሲያዩ የሚሉት አያጡም፤ ከወፈረች መንታ ነው፣ ከከሳች ወንድ ልጅ ነው። ጠቦት ማሸከሙ ግን ልክ ናቸው። ሌላ ዘዴ ልፈልግለት ይገባል። ከዚህ ሳምንት በኋላ።


መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ሰብሌ ከቅዳሴ በኋላ ከንስሐ አባቷ ከአባ ሀብተ ሥላሴ ጋር ብዙ ቆመች። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ጠበቅኳት። ስትመለስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርጋው ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ባረኩኝ።»

ቤት እንደገባን ጓዳ ገብታ ቆየች። ከዚያ ከውስጥ ሆና «ምሥጋናው፣ እንቁላል አለ እንዴ?» አለች።

«ትናንት ለአባስ ሰጠሁት እኮ። ለምን ፈለግሽው?»

«እሺ። እንዲያው ነው» አለች።

ሽሮዋን ሠራች፣ በላን። እሷ ቶሎ ጠገበች።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ቀዩን ታቅፋ፦ ስድሳ ዘጠኝ።

ስድሳ ዘጠኝ! ልክ በመጀመሪያው ቀን የነበረው። አሥራ አራት ኪሎ ገዛሁት፣ አሥራ አራት ኪሎ ነው። ሦስት ጊዜ አስወጣኋት፤ መርፌው ያው ነው። አራቱንም መዘንኳቸው፣ ከመጋቢት ሁለት ወዲህ አንዳቸውም ያደጉ የሉም። ትል ነው? ገለፈቱ ሻግቶ ይሆን? አሸተትኩት፣ ደህና ነው። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ፋጉሎው ነው።

አሁን ገባኝ። አባስ ፋጉሎው ውስጥ የሆነ ነገር ደባልቋል። ገለባ ይሁን አፈር እንጃ። ከስንት ዓመት ወዳጅነት በኋላ!

ለሰብሌ ስነግራት «አባስ እንዲያ አያደርግም» አለች። ዝቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። «እስቲ ሌላ ነገር አስብ» አለችኝ። ምን ሌላ ነገር አለ?


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ተጣላን።

በሰው ፊት ነው የተናገርኩት። «ለኔ አፈር እየሸጥክ እንቁላሌን ታበላለህ» አልኩት። ነገ ዒድ ነው እየተባለ ገበያው ሞልቷል፤ ሁሉም ዞሮ አየን። አባስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ምሥጋናው፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ አፌን አታስከፍተኝ። ዒዱን ልዋልና ሚዛኔን ይዤ እመጣለሁ። ያንተው ጉረኖ ውስጥ፣ አንተው ፊት እንመዝናለን። ከዋሸሁ የከፈልከኝን ሁሉ መልሰህ ትወስዳለህ። ካልዋሸሁ ግን እዚሁ ቦታ ላይ ትናገራለህ።»

ያመጣሁትን እንቁላል አልተቀበለም። እያንጠለጠልኩ ተመለስኩና ነገ ዒድ ለሚያከብረው ለወፍጮ ቤቱ ሰው ሰጥቼ ፉርሽካ ለወጥኩበት። ለምን ወደ ቤት እንዳልወሰድኩት አላውቅም። ለጾመኛ ቤት እንቁላል ምን ያደርጋል ብዬ ይሆናል።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ቀኑ ዝናብ ያዘለ ይመስላል፣ አይዘንብም። አልመዘንም፤ ቀዩን ማየት አስጠልቶኛል።

ከጉረኖ ኋላ ስዞር ሰብሌ በቀን አንዴ የምትበላውን ይዛ ከጠቦቶቹ መካከል ተቀምጣ አየኋት። ግማሹን ንፍሮ ለቀዩ ስትሰጠው ደረስኩ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። «እሱ ካልከበደ አንተ አትተኛም» አለች፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

የተናገርኩትን እያሰብኩ አፍሬያለሁ። ግን እውነትም ካታለለኝስ?


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ይህን ረጋ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

አባስ በጠዋት መጣ። የሚንጠለጠል የእህል ሚዛን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የዒድ ጃኬቱን እንደለበሰ። ሻይ አቀረብንለት፣ አልቀመሰም። ሚዛኑን ከጉረኖው ወራጅ ላይ ሰቀለው። ከዚያ እንዳልጠራጠረው ከኪሱ ሁለት ያልተከፈተ የኪሎ ጨው አወጣና አንጠለጠለ፤ መርፌው ሁለት ላይ ቆመ። «አየህ?» አለኝ። አየሁ።

ቀዩን በጆንያ አድርገን ሰቀልነው። አሥራ ስምንት ተኩል።

«ልክ አይደለም» አልኩ። አወረድነው፣ ደግመን ሰቀልነው። አሥራ ስምንት ተኩል። ነጩን ሰቀልን፤ አሥራ ስምንት ተኩል። ጥቁሩ አሥራ ስድስት፣ ዳልቻው ትንሽ ከሱ ያነሰ። ሁሉም አድገዋል። ድብልቅ የበሉት በደንብ፣ ድርቆሽ የበሉት በጥቂቱ፤ ልክ ዘመኑ እንዳለው።

አባስ ደስ ሊለው ሲገባ ግራ ገባው። «ታዲያ ሚዛንህ ተበላሽቷላ» አለ። እኔም ተስፋ አደረግኩ። የጨው ጥቅሎቹን፣ ከሱ የገዛሁትን የፋጉሎ ጆንያ፣ ሁሉንም በሱ ሚዛን ለክተን በኔ ሚዛን ላይ ጫንን። መርፌዬ ከሱ ቁጥር አልወጣም፤ ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ቃል ተናገሩ።

በሩ ክፍት ነበር። በበሩ ላይ የኔው የከሰል ጽሑፍ አለ፦ 55።

ያኔ ገባኝ። ጠቦቱ አልነበረም ያላደገው። ጠቦቱ በከበደ ቁጥር የታቀፈችው እየቀለለች ነበር። አንዱ የጨመረውን ሌላዋ እየቀነሰች መርፌው እዚያው ስድሳ ዘጠኝ ላይ ሲቆም እኔ ተንበርክኬ ቀዩን እሰድብ ነበር። አራቱም በጎች እኩል «ሲከሱ» ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ወር ሙሉ ሚስቴን ስመዝናት ኖሬ አንዴም አላየኋት።

ሰብሌን ጠራኋት። «ብቻሽን ውጪ» አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

ሃምሳ አንድ።

ሆዷ ገፍቶ፣ ስድስተኛ ወሯን አልፋ፣ ሃምሳ አንድ። አባስ ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ሚዛኑን ሰብስቦ ጨረሰና በር ላይ ቆሞ በቀስታ «ምሥጋናው፣ እኔ የተቀየምኩት ቀርቷል። ገበያ ላይ መናገሩንም ተወው። አንተ ዛሬ ሌላ ሥራ አለህ» አለኝ።


መጋቢት 28፣ እሑድ

ትናንት ማታ ስለምናት «ስለቴን አፍርሼ ልጄን ላጣ?» አለችኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ራሴ አባ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሳበቃ «አባታችን፣ ሰብሌን ይፍቱልኝ፤ ስለቷን በሌላ ይለውጡልኝ፤ ጾሙ ሊጎዳት ነው» አልኳቸው።

አባ ቆመው ቀሩ። «ልጄ፣ እኔ እኮ በደብረ ዘይት ዕለት ፈትቻታለሁ። ገና ሳያት ደንግጬ ነው የፈታኋት። ስለቱንም በጸሎትና በጧፍ ለወጥኩላት። ‹እንቁላልም ወተትም ብይ፣ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን አታስጨንቅም› ብዬ አዘዝኳት። አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም» አልኩ።

«አንተስ አልጠየቅኳትም በለኛ» አሉ። አልተቆጡም። ጭንቅላቴን በመስቀላቸው ነካ አድርገው ሄዱ።

ሰብሌ ቤት ስትከካ አገኘኋት። የወፍጮውን ድንጋይ ከእጇ ወሰድኩ። «አባ ፈትተውሽ ነበር» አልኳት።

ምንም ሳትቆጣ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ተናገረች። «ፈትተውኝ ነበር። ያን ቀን እንቁላል አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ለአባስ ሰጠሁት አልክ። ወተት የለንም። ሥጋ የለንም። ተፈትቻለሁ ብዬ ብነግርህ ምን ልታቀርብልኝ ነበር? አንተ ደግሞ ቀዩ አልከበደም ብለህ እንቅልፍ አጥተሃል። እንግዲያው መራቤ ካልቀረ ጾም ይሁን አልኩ። ጾም ቢያንስ ይቆጠርልኛል።»

አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት በአራት ቋንቋ ስናገር ኖሬ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣም። እሷ ነች እኔን ያባበለችኝ፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

የነገውን ዛሬ ወስኛለሁ። ክክ የለም፣ ጆንያ የለም፣ ሚዛን ላይ ጠቦት ማቀፍ የለም።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ውባንቺ ክንዷን በቀለማሙ ጥብጣብ ለካችው፤ ቢጫ፣ ምግብ አጥሯታል ማለት ነው። ከዚያ ሆዷ ላይ ጆሮዋን በመስሚያው አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔ መተንፈስ አቆምኩ።

«ልቡ ይመታል። ደህና ነው» አለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ክኒን ሰጠቻት፣ የምትበላውን ነገረችን። ቀጥላ «በግ ታደልባለህ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«ያረገዘች በግ ብትኖርህ በመጨረሻዎቹ ወራት ምን ትሰጣት ነበር?»

ሳላስበው «ፉርሽካ እጨምርላታለሁ፣ ገለፈት፣ ትንሽ ፋጉሎ፣ ጨው፤ ከባድ መንገድ አላስኬዳትም…» ብዬ ጀመርኩና መሀል ላይ አቆምኩ። ውባንቺም አላስጨረሰችኝም። ወደ ካርዷ አቀረቀረች።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ገበያ ሄጄ ባለፈው በተናገርኩበት ቦታ ቆምኩ። «አባስ ያመጣልኝ ፋጉሎ ንጹሕ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ፣ በእንግዳ ማስጎብኛ ድምፄ፣ ሁሉም እንዲሰማ። አባስ እጄን ጎትቶ «በቃህ፣ አብሽር፣ ሰው ሰማ» አለ።

ከሱቁ ኋላ ጀውሀራ ነበረች። ፊቷ እውነትም ሞልቷል። እንቅብ ሙሉ እንቁላል ሰጠችኝ። «ከአጎቴ ዶሮዎች ነው። ለሰብሌ ነው፤ ለበግ ብትለውጠው ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም» አለች። አባስ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።


ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሰሙነ ሕማማት ነው። በዚህ ሳምንት ሰው ሰላምታ እንኳ አይሰጣጥም፤ ከየቤቱ ሲሰገድ ይሰማል። ሰብሌ ተፈቅዶላትም ቢሆን በሰው ፊት እንቁላል መብላት ያሳፍራታል። እትዬ ጥሩነሽ ምን ይሉኛል ትላለች። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ጉረኖ ውስጥ ገብታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትበላለች። እኔ በር ላይ እቆማለሁ።

ዛሬ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው መጡ፤ በነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር ይዘዋል። «እዚያ ውስጥ ናት?» አሉኝ።

«ጠቦቶቹን እያየች ነው» አልኩ።

«ውሸታም። ይህን ስጣት» አሉና አንድ ብርጭቆ ወተት አስጨበጡኝ። «የገዛሁት ነው። ለማንም እንዳትናገር፤ የሕማማት ወተት ገዢ እባላለሁ።»

ጽፌዋለሁ፤ ግን አልተናገርኩም።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግሥት

ነጩን፣ ጥቁሩንና ዳልቻውን ቅዳሜ ሸጥኩ። በደህና ነው የሄዱት። መኪና ቢያስፈልግ መኪናው ይኖራል።

ቀዩ ለክርስትናው ይቆያል፤ ሰብሌ አልሸጥም አለች። አብረን ሚዛን ላይ ቆመናል ትላለች።

ከመሸጡ በፊት በአባስ ሚዛን ለመጨረሻ ጊዜ መዘንኳቸው። ቀዩና ነጩ አሁንም እኩል ናቸው። ቀዩ ያን ሁሉ ሳምንት እጥፍ ፋጉሎ በልቷል፤ ነጩ ዘመኑ ያዘዘውን ብቻ። ልዩነቱ አንዲት ፍሬ አይሆንም። በሰብሌ እንቁላል የገዛሁት ያ ትርፍ ፋጉሎ በማንም ጎን ላይ አልታየም። በጉ እንኳ አላስፈለገውም ነበር።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም ጾም ስንፈታ እሷ ቀቅላ የላጠችውን የመጀመሪያውን እንቁላል ለኔ ሰጠችኝ። «አንተም ተርበሃል» አለች። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት አጎረሰችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሚዛኑን ወደ ደጅ አወጣሁት። በሩ ላይ ያለችውን ሃምሳ አምስት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ሰብሌ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እጇን ወጣች፣ እኔም እንደ ልማዴ ተንበረከክኩ። ሃምሳ ሦስት ተኩል። ደግሜ አየሁት። መርፌውን ሳይሆን እሷን ቀና ብዬ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር።

ቀዩ ልትታቀፈው የወጣች መስሎት እየጮኸ ወደ ሚዛኑ መጣ።

«አንተ ቆይ» አልኩት፣ «ዛሬ ተራው የሷ ነው።»